ዓይኑ እጄ ላይ የቀረው ወንድሜ

ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው የምጽፈው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ከየት እንደሚጀመርም እንጃ። ከእጁ ልጀምር መሰለኝ። እሱን የረሳ ሰው እንኳ እጁን አይረሳውም።

ወንድሜ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ጋሼ ነው የምለው። በዕድሜ ብዙም አይርቀኝም፣ ግን አባታችን ሲሞት አባት የሆነኝ እሱ ስለሆነ ጋሼ ሆኖ ቀረ። የምንሠራው ከከተማው ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። ዙሪያው ቆርቆሮ፣ መሬቱ ነጭ አቧራ፣ አንዱ ጥግ ላይ የውሃ በርሜል፣ ሌላው ጥግ ላይ መሮ የሚሳልበት የከሰል ምድጃ። ድንጋዩ ከተራራው እንደ ወረደ ይመጣል፤ እኛ ፈልጠን ጠርበን ደረጃ፣ የመስኮት ደፍ፣ የመቃብር ድንጋይ አድርገን እንሰጣለን።

ፈለጣው የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ያዥ ነው፣ አንዱ መቺ። ያዡ ቁጢጥ ብሎ መሮውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። መቺው ከበላዩ ቆሞ በትልቁ መዶሻ የመሮውን አናት ይመታል። ያዡ ከየምቱ በኋላ ብረቱን ትንሽ ዞር ያደርገዋል፣ እንዳይቀረቀር። ቀዳዳዎቹ በመስመር ሲያልቁ ሽብልቅ ይገባባቸውና ድንጋዩ እንደ ዳቦ ለሁለት ይከፈላል። ሲያዩት ቀላል ነው። ያዡ ግን እጁን ነው ለመቺው አምኖ የሚሰጠው። እኔ ያዥ ነበርኩ፣ ጋሼ መቺ።

ግቢው ውስጥ ፈላጭ ቆራጭ ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ራዲዮ ነው። ራዲዮ ከጎናችን የሚጠርብ ሰው ነው፤ አፉ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ስለሌለ ነው እንደዚያ ያልነው። ጠዋት ጋሼ በበሩ ብቅ ሲል ራዲዮ ብድግ ይልና፣

«ተነሱ እናንተ! ፈላጭ ቆራጩ መጡ!» ይላል።

«ቁጭ በል፤ እኔ ፈላጭ ብቻ ነኝ። ቆራጯ ቤት ናት» ይላል ጋሼ።

ወሬው እትዬ ጋ ደረሰ። እትዬ የምላት የጋሼን ሚስት ነው። ትቆጣለች ስንል ሳቀች። «እውነቱን ነው። እኔ ቆርጬ ባልነግረው ኖሮ እስካሁን መች ያገባኝ ነበር!» አለች።

እጁ ግን ቀልድ አያውቅም። የመጀመሪያ ቀን መሮ ሲያስይዘኝ ዓይኔን ከመዶሻው ላይ ማንሳት አቃተኝ። አይቶ ቁጭ አለና መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«ስማኝ። መዶሻ ዓይን የለውም፤ የኔን ዓይን ነው የሚከተለው። እኔ የማየው የመሮውን አናት ነው፣ አናቱን ብቻ። እጅህን ካየሁ እጅህን እመታለሁ። ስለዚህ እጅህ እዚያ መኖሩን እረሳዋለሁ። እንዳትቀየመኝ።»

«አልቀየምም ጋሼ።»

«አንተም መዶሻውን አትይ። መዶሻ ሲመጣ ያየ እጅ ይሸሻል። የሸሸ እጅ ነው የሚመታው።»

ሰው የጋሼ ጥበብ ፍጥነቱ ይመስለዋል። አይደለም። ፈጣን መቺማ ሞልቷል። የጋሼ ነገር መቼ መፍጠን እንደሚቻል ማወቁ ነው። መዶሻውን ከፍ አድርገህ ቶሎ ከለቀቅከው ኃይል አለው፣ ግን የት እንደሚያርፍ አታዝበትም። ዝቅ አድርገህ ቀስ ካልክ አናቱን አትስትም፣ ግን ድንጋዩ አይሰማህም፤ እስኪመሽ ብታንኳኳ አይከፍትልህም። አዲስ መሮ ደግሞ አናቱ ጠባብ ነው። እየተመታ ሲውል ነው ተጨፍልቆ እንደ እንጉዳይ የሚሰፋው። ጋሼ አዲስ መሮ ሲመጣለት መጀመሪያ ያንኳኳዋል፣ ሰላም እንደማለት። አናቱ እየሰፋ ሲሄድ እሱም እየፈጠነ ይሄዳል። «ቦታ ሲሰጠኝ ነው የምሮጠው» ይል ነበር።

ድምፁ ራሱ ይናገራል። መዶሻው ልኩ ላይ ሲያርፍ እንደ ደወል ጥርት ይላል። ጠርዙን ሲነካ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ነው። ከጋሼ መዶሻ የሸክላ ድምፅ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እስከዚያ ቀን።

ያን ቀን የደረጃ ድንጋይ የሚጭን መኪና በሩ ላይ ቆሟል። አንድ ድንጋይ ነው የቀረው። ሹፌሩ ክላክሱን ያስጮኻል፤ አለቃው ከመኪናው ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ መኪናው ይመላለሳል።

«ኧረ እባካችሁ ቶሎ በሉ!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ ጋሼ፣ መዶሻውን ሳያቆም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትለን ነው?» አለ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ ሄጃለሁ!»

ሁላችንም ሳቅን። ጋሼም ሳቀ። ጥሩ ቀን ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ የመሮው ጫፍ ደነዘና አዲስ ያዝኩ።

«አዲስ ነው ጋሼ» አልኩት።

«አየሁት» አለ።

እንደ ልማዱ አንኳኳው። ክላክሱ ጮኸ። መዶሻው ከፍ አለ። ዓይኑ የመሮውን አዲስነት አይቷል፤ እጁ ግን ጠዋቱን ሙሉ ሲመታው የዋለውን ሰፊውን አናት ነው የሚያውቀው። እጁ በዚያው ፍጥነት ሄደ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። የሸክላውን። ሕመሙ ዘግይቶ ነው የመጣው።

የግራ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ እዚያው ቀሩ። ስለሱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ጋሼ ሸሚዙን አውልቆ እጄን ጠቀለለና ታቅፎኝ ወደዚያው መኪና ሮጠ፤ ሹፌሩም ድንጋዩን ትቶ እኛን ይዞ በረረ። በመንገድ ሁሉ ጋሼ «አየሁት እኮ፤ አዲስ መሆኑን አየሁት እኮ» ይል ነበር። ሌላ ቃል አልወጣውም።

እጄ ዳነ። ሦስት ጣት ብረት ለመያዝ ይበቃል፤ የሚይዙት እነሱ ናቸው፣ የቀሩት አጃቢ ነበሩ። ይህን ለጋሼ ስነግረው ፊቱን አዞረ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተመልሼ ከሥሩ ቁጢጥ ብዬ መሮ እንድይዝለት፣ እሱም እንዲመታልኝ። አንዴ በደንብ ከመታልኝ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል ብዬ ነው። ካልመታልኝ ግን ጣቴ ብቻ ሳይሆን ወንድሜም እዚያ ድንጋይ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የተመለስኩ ቀን ግቢው ሁሉ ሥራ አቆመ። ያላዩ መስለው ያያሉ። አናቱ የሰፋ አሮጌ መሮ መርጬ ቁጢጥ አልኩ። ጋሼ መዶሻውን አነሳ። ላይ ደርሶ ቆመ። መዶሻ ላይ ደርሶ መቆም የለበትም፤ ከቆመ አለቀለት። ቀና ስል ዓይኑ የመሮው አናት ላይ አልነበረም። እጄ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ አናቱን እይ።»

«እያየሁ ነው።»

አላየም። መዶሻውን ቀስ አድርጎ አወረደው፣ በጣም ቀስ፤ እንደዚያም ሆኖ ጠርዙን ነክቶ ተንሸራተተና ከእጄ አጠገብ ድንጋዩን ቧጠጠ። ሰው ቀስ ካለ አይስትም ይባላል። እሱ ግን ቀስ ባለ ቁጥር ዓይኑ እጄን የሚያይበት ጊዜ አገኘ። መዶሻውም ዓይኑን ተከተለ፣ ራሱ እንዳስተማረኝ።

ብዙ ሞከርን። ራዲዮ ረጅም ጉጠት አመጣና መሮውን በጉጠት ያዝኩለት። ጋሼ ዓይኑ በጉጠቱ እጀታ ላይ እየሄደ እጄ ጋ ደረሰ። እጄን በጨርቅ ሸፈንኩ።

«ጨርቁ ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ እኮ፣ የኔ ወንድም» አለኝ።

መዶሻውን አስቀመጠ። ዝምታ የማይወደው ራዲዮ ነው፤ ሱሪውን ሰብስቦ እኔ ቦታ ቁጢጥ አለ።

«በል እኔ ልያዝልህ። እኔን እንደሁ አትወደኝም!»

ሰው ሳቀ። ጋሼ ለመሳቅ ያህል ከንፈሩን አንቀሳቀሰና መዶሻውን አነሳ። ደወል። ደግሞ መታ። ደወል። ያው የድሮው እጅ፣ ያው ፍጥነት። ድንጋዩ ተሰነጠቀ።

«አላልኳችሁም? አይወደኝም!» አለ ራዲዮ። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ሁላችንም በዚያች ሰዓት ነገሩ ገብቶን ነበር።

እኔ ወደ ምድጃው ተዛወርኩ። መሮ እስላለሁ፣ እጀታ እቀይራለሁ። አዲስ መሮ ሲመጣ መጀመሪያ ራሴ ቀጥቅጬ አናቱን ሳላሰፋ ለማንም አልሰጥም። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከዚያ ጥግ ሆኜ የጋሼን ድምፅ እሰማ ነበር። ደወሉ ሲሰማኝ ደስ ይለኛል፣ ደግሞ ቅር ይለኛል። ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፤ እንዴት እንደምለው አላውቅም።

ከራዲዮ ጋር ደህና ሠሩ። ከዚያ የራዲዮ ሚስት ወለደች። ራዲዮ ጋሼን ጎትቶ ቤቱ ወሰደው፣ ሕፃኗን አሳቀፈው፣ ጣቷን አስጨበጠው። በማግስቱ የሸክላ ድምፅ ሰማሁና ከምድጃው ዘልዬ ተነሳሁ። ራዲዮ እጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆሟል። አልተነካም፣ ለጥቂት ነው።

«ምነው ልጅህን አሳየኸኝ?» አለው ጋሼ። እየለመነው ነበር የሚመስለው። «ምነው ባላሳየኸኝ?»

ራዲዮ መሮውን አንስቶ ለእኔ መለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ያዥ የሚመርጠው በሩ ላይ ሥራ ፈልገው ከሚቆሙት የቀን ሠራተኞች ነው። አንዱ መጥቶ ስሙን ሊነግረው አፉን ሲከፍት ጋሼ በእጁ ምልክት ያስቆመዋል።

«ስምህን አትንገረኝ። አገርህንም፣ ልጅ እንዳለህም አትንገረኝ። መሮውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ይበቃል።»

ሰዎቹ ኩሩ ይመስላቸው ነበር። «ይሄ ሰው ከማን በልጦ ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያዡ ሲለምደው፣ ዳቦ ሲያካፍለው፣ ስለ እናቱ ሕመም ሲያወራው፣ የዚያን ሰሞን የጋሼ መዶሻ መዘግየት ይጀምራል፤ እሱም ሌላ ሰው ይጠይቃል። በመጨረሻ ምሳውን ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዙሮ ብቻውን ይበላ ጀመር። ያ ሰው! በሩን ሲገባ ግቢው በሳቅ የሚቀበለው ሰው!

ቀጥሎ አለቃውን ተሰናብቶ ማንም ወደማያውቀው ሌላ ግቢ ሄደ። ሩቅ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ይይዛል። ለእኔ አልነገረኝም። እትዬ ናት የነገረችኝ።

«አንተን ሸሽቶ እንዳይመስልህ» አለችኝ።

«ታዲያ ማንን ሸሽቶ ነው እትዬ?»

ሻይ ቀዳችልኝ።

ቤቱ ስሄድ ቀኝ እጄን ይጨብጣል፣ ፊቴን ያያል፣ ወደ ታች ግን አያይም። እኔም ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ማስቀመጥ ለመድኩ። በኋላ እሱ በሌለበትም ኪሴ ውስጥ ሆኖ ማግኘት ጀመርኩ።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። አቧራው ደረቱን ያዘው። የድንጋይ ሰው በሽታ ነው፤ አንዴ ከገባ አይወጣም። ሥራ አቁሞ ቤት ዋለ። ቀን ቀን በመስኮቱ በኩል በሚገባው ፀሐይ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ስጠይቀው ስለ አየሩ ያወራኛል።

አንድ ቀን ኮቱ የሚሰቀልባት ሚስማር ወልቃ አገኘሁ። እትዬ፣ «ፈላጭ ቆራጭ ቤት ሚስማር ጠፋ ቢባል ማን ያምናል?» አለች። ጋሼ ሳቀ፣ ሳለ፣ ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር ተናገረ።

«መዶሻ አምጪልኝ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ና ያዝልኝ» አለ።

እትዬ እኔን አየች። እኔ ሚስማሩን አነሳሁ። ትንሽ መዶሻ ናት፣ የቤት። ሚስማሯን ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ በግራ እጄ፣ በሦስቱ ጣቶቼ። ከኪሴ ሳወጣው እየበረደኝ ነበር። አንኳኳት። አዎ፣ ሰላም አላት! ደግሞ አንኳኳት፤ ጫፏ ገባች። አሁን ጠንከር አድርጎ መምታት ብቻ ነው የቀረው። አንዲት ምት። በሆዴ «አናቷን እይ፣ ጋሼ፣ አናቷን» እላለሁ።

መዶሻዋ ላይ ደርሳ ቆመች።

«ጋሼ...»

«አይሆንልኝም።»

«መዶሻዋ ትንሽ ናት እኮ፣ ብትስትም ምንም አታደርገኝም።»

«ጣቶችህ» አለ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «ሁሉም አሉ። እኔ ሳየው እጅህ ሙሉ ነው። ትንሿም አለች። እነሱን እንዳልመታ ነው የምፈራው።»

ምን ይባላል? የሌለ ጣት አይመታም ብዬ አልነግረው። መዶሻዋን አልጋው ላይ አስቀመጠና መዳፉን በእጄ ላይ አደረገ፣ ባዶው ቦታ ላይ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጄን ሲነካው የመጀመሪያው ነበር። እትዬ ወደ ጓዳ ገባች። ሚስማሯ ግማሽ እንደገባች ናት፤ እስካሁን ኮቱ እሷ ላይ ነው የተሰቀለው፣ አጎንብሳለች እንጂ አልወደቀችም።

ብዙም አልቆየ። አረፈ።

በቀብሩ ማግስት አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል፣ ጫማው ላይ ነጭ አቧራ አለ።

«የመቺው ቤት ይኼ ነው?»

«የመቺው?»

«ስማቸውን አላውቀውም። ብረት እይዝላቸው ነበር። መጨረሻ ላይ፣ እዚያ ማዶ ግቢ።» አፈረ። «ብዙ ጊዜ አብረን ሠርተናል፤ ስም ግን አንጠያየቅም ነበር። እንደዚያ ነው የፈለጉት።»

አስገብቼ አስቀመጥኩት። እትዬ ውሃ ሰጠችው። የጋሼን ስም ነገርኩት። ቀስ ብሎ ደገመው፣ እንደሚማር ሰው።

«ክፉ ሰው ነው ይሉ ነበር እዚያ» አለ። «አልነበሩም። ሥራ ላይ እያለን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አያዩም። ማታ ከሥራ ስንወጣ ግን በሩ ላይ ያቆሙኛል። ‹ግራ እጅህን አሳየኝ› ይላሉ። እዘረጋለሁ። እያንዳንዷን ጣት ያያሉ። ከዚያ ‹ደህና ሁን› ብለው ይሄዳሉ። በየቀኑ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ ክልክል ነበር።»

ይህን እያለ እጄን አየው። ኪሴ ውስጥ መክተቱን ረስቼ ብርጭቆ ይዤበት ነበር። ባርኔጣውን መሬት ላይ አኖረ።

«አንተ ነህ» አለ።

እትዬ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ አለቀሰች።

ለጋሼ መቃብር የሚሆን ድንጋይ አለቃው ሰጠን፤ ከድሮ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ያለ፣ ጋሼ ‹ይሄ ቀን ይጠብቃል› የሚለው ድንጋይ ነው። ራዲዮ ልምታ አለ፣ ግን ያለቅሳል፤ የሚያለቅስ ሰው መዶሻ አይሰጠውም። ያ ባለ ባርኔጣ ሰው መጥቶ ኖሮ፣ ኮቱን አውልቆ መዶሻውን አነሳ። ያዥ ነበር እንጂ መቺ አልነበረም፤ ግን ከጋሼ ሥር ሆኖ ብዙ ሰምቷል።

እኔ ቁጢጥ አልኩ። መሮው አዲስ ነበር። ያን ቀን አናቱን ለማስፋት ጉልበት አልነበረኝም። በግራ እጄ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። ስንት ዓመት ሙሉ የምፈልገው ቦታ ነው፤ ከላዬ የቆመው ግን ሌላ ሰው ነው።

«የአንተን ስም ሳልጠይቅህ» አለ ሰውየው።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ወንድሜ ትዝ አለኝ።

«አሁን አትጠይቀኝ» አልኩት። «ድንጋዩ ሲያልቅ እነግርሃለሁ። አናቱን ብቻ እይ።»

ራሱን ነቀነቀ። መዶሻውን አነሳ። የመጀመሪያውን ቀስ አድርጎ ነው የመታው፣ ሰላም እንደማለት።